ደረጃ 3 ነው ብላችሁ አትናቁት

እንደምን አመሻችሁ! ውድ የኦሮራና የዴንቨር ወላጆች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ስለ ብርዱ ወራት ጥንቃቄ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ስለ ጎማና ስለ መንገዱ ሌሎቹ ብለውታል። እኔ የመጣሁት ስለ በረዶ ናዳ ነው።

ልጆቻችን ተራራ ይወጣሉ። የተራራው መተላለፊያ ላቭላንድ ፓስ ላይ መኪናቸውን አቁመው፣ የበረዶ ጫማ አጥልቀው ይገባሉ። ስለ ናዳው ስጠይቃቸው «ዛሬ 3 ነው፣ ችግር የለውም» ይሉኛል። በጣም ነው የሚያናድደኝ! የናዳ አደጋ መለኪያው ከ1 እስከ 5 ስለሆነ 3 ማለት እንደ ፈተና ግማሹን ማግኘት ይመስላቸዋል። 4 እና 5 ሲሆን ብዙ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። በ3 ግን ይወጣል፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በ3 ነው።

ሺፕ ክሪክ የሆነውን የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ። አፕሪል 20 ቀን 2013፣ እዚሁ ላቭላንድ ፓስ አጠገብ። ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ጀማሪዎች አይደሉም። የናዳ መሣሪያም ነበራቸው። የዕለቱ ደረጃ 3 ነበር፣ ትንበያውንም ያውቁት ነበር። አደገኛውን ቁልቁለት በሥሩ አልፈው ደህና ወደመሰላቸው ዛፎች ሲያመሩ ናዳው ከላይ ተለቀቀባቸው። ስድስቱንም ያዛቸው፤ አምስቱ ሞቱ። ከታች ሆነው እኮ ነው! አናቱ ላይ የወጣ ሰው አልነበረም።

የኮሎራዶ በረዶ እንዲህ ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ የጣለው ስስ በረዶ በብርዱ ተለውጦ እርስ በርሱ የማይያያዝ ፍርፍር ቅንጣት ይሆናል። በኋላ ንፋስ ያመጣው ከባድ በረዶ ይጫንበታል። ያ ደካማ ንብርብር ለወራት ተደብቆ ይቆያል፤ አንድ ሰው ሲረግጠው ይሰበራል፣ ስብራቱም ሽቅብ ይሮጣል።

«911 እንደውላለን» ደግሞ አትበሉኝ። የተቀበረ ሰው ያለው ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። የሚያወጣችሁ አጠገባችሁ ያለው ጓደኛችሁ ነው፤ እሱም ቢከን (የተቀበረ ሰው ያለበትን በምልክት የሚያሳይ መሣሪያ)፣ በረዶውን እየወጋ የሚፈልግበት ዘንግና አካፋ ከያዘ።

ወላጆች፣ እናንተም «ተራራ የሚባል እንዳልሰማ» ማለቱን ተዉት! ልጁ ደብቋችሁ ይሄዳል፣ የት እንዳለም የሚያውቅ አይኖርም። ለሠርግ አዳራሽ ያን ሁሉ ብር የምናወጣ ሰዎች ለናዳ ሥልጠና መክፈል ያቅተናል? አያቅተንም!

የቀረውን ባጭሩ። ከመውጣታችሁ በፊት የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከልን ትንበያ አንብቡ። ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ፣ ከላዩም ቀጥ ያለ ቁልቁለት የሌለበትን ቦታ ምረጡ።

ቢከን ይዤ መጥቻለሁ። ከእራት በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶ ውስጥ ቀብረን እንፈልጋለን። ወላጆችም ጭምር፤ ጃኬታችሁን ልበሱና እንውጣ።