ከገጽም ከወለልም የራቀው ውሃ እንዴት ይለካል?

[ምስል፦ የባሕር ዳር የጣና ዳርቻ፤ አንድ ታንኳ ያልፋል።]

ተራኪ፦ ከባሕር ዳር በታንኳ ጣና ላይ የወጣ ሰው የሐይቁን ጥልቀት ለማወቅ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይበቃዋል፤ ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥምና። ነፋሱም ውሃውን ከላይ እስከ ታች ስለሚያናውጠው የገጹና የወለሉ ሙቀት እምብዛም አይራራቅም። ውቅያኖስ ግን በአማካይ 3,700 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለውና ሽፋን በሽፋን የተደራረበ ስለሆነ፣ ገጹን ብቻ ለክቶ ስለ ውስጡ መናገር አይቻልም። ዛሬ የምንመለከተው ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ያለውን፣ የፀሐይ ብርሃን እየደበዘዘ የሚጠፋበትን መካከለኛ ውሃ ነው።

[ምስል፦ የምርምር መርከብ ደርብ፤ ዊንች፤ ጠርሙሶች የተደረደሩበት ክብ የብረት ማዕቀፍ።]

መርከቧ በተመረጠው ቦታ ትቆምና ሲቲዲ የተባለው መሣሪያ በዊንች፣ ማለትም ኬብል በሚለቅና በሚጠቀልል ማሽን፣ ከጎኗ ይወርዳል። መሣሪያው የውሃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ ሙቀትና ግፊት እየለካ ይሄዳል። ከእነዚህ ጨዋማነቱ ይሰላል፤ ጥልቀቱም ከግፊቱ ይታወቃል፤ ግፊት በየ10 ሜትሩ በአንድ አትሞስፌር ገደማ ይጨምራልና። ንባቡ በኬብሉ በኩል ወጥቶ ወዲያውኑ ኮምፒውተር ላይ በግራፍ ይሳላል። 

ግራፉ ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት የጎረቤታችንን የቀይ ባሕርን እንውሰድ። በአብዛኛው ውቅያኖስ 1,000 ሜትር ላይ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ በቀይ ባሕር ግን በዚያው ጥልቀት ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይወርድም። ወደ ባብ ኤል መንደብ ሲቃረብ የባሕሩ ወለል እስከ 137 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደ በር ደፍ ስለተጋደመ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ አልፎ መግባት አይችልም።

በማዕቀፉ ዙሪያ ብዙውን ጊዜ 24 ጠርሙሶች አሉ። አፋቸው ከላይም ከታችም ክፍት ሆኖ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱም በተመረጠው ጥልቀት ላይ በትእዛዝ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ደርብ ላይ ሲደርሱ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጋዞች ነው፤ አየር ሲነካቸው ይለወጣሉና። ኦክስጅን የሚለካው ሰው ቀጭን ቱቦ እስከ ብርጭቆ ጠርሙሱ ሥር ድረስ አስገብቶ፣ አረፋ እንዳይፈጠር በዝግታ ይሞላል፤ ውሃው አፉን አልፎ ጥቂት ሲፈስ ሁለት ኬሚካሎች ጨምሮ ይከድነዋል። ኦክስጅን ካለ ወዲያው ቡናማ ዝቃጭ ይታያል። ሃንጋሪያዊው ኬሚስት ላዮስ ዊንክለር እ.ኤ.አ. በ1888 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ዛሬም የኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች ማረጋገጫ ነው።

[ምስል፦ የኤኮሳውንደር ስክሪን፤ ወፍራም ሽፋን ከምሽት ጋር ወደ ላይ ይወጣል።]

ውሃ ይቀዳል፤ ሕይወት ያለው ነገር ግን ይሸሻል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ለማግኘት ይሠሩ የነበሩ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ባሕሩ በሺህ ሜትሮች ጥልቅ በሆነበት ቦታ ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ወለል የሚመስል ነገር አገኙ። ይህ “ወለል” ሲመሽ ይወጣል፤ ሲነጋ ይወርዳል። ለካ ቀን ከአዳኞች ተሸሽገው ሌሊት ለመብላት ወደ ገጽ የሚወጡ ትናንሽ ዓሦች፣ ሽሪምፖችና ሌሎች ፍጥረታት ኖረዋል። በምድር ላይ ከሚታወቁት የእንስሳት ጉዞዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በየቀኑም ይደገማል።

ኤኮሳውንደር ከመርከቧ ሥር ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን ማሚቶ ይሰማል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ፍጥነቱ ግን በሙቀትና በጨዋማነት ስለሚለያይ የሲቲዲው ንባብ ከሌለ የሽፋኑ ጥልቀት በትክክል አይታወቅም። ሌላው ችግር ይበልጣል፦ ድምፅን አጉልቶ የሚመልሰው በዓሣው ሆድ ያለው የአየር ከረጢት በመሆኑ፣ ከረጢት ያለው ትንሽ ዓሣ ከረጢት ከሌለው ትልቅ ዓሣ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ስለዚህ በተመረጠ ጥልቀት የሚከፈቱና የሚዘጉ መረቦች ይጎተታሉ። መረብም የራሱ ጉድለት አለው፤ ፈጣኖቹ ያመልጣሉ፣ ለስላሶቹ ይቦጫጨቃሉ። በጣና ቀረሶ የሚያሰግር ሰው ይህን ያውቃል፤ የመረቡ ዓይን ያልያዘው ዓሣ የለም ማለት አይደለም። በመረብ ላይ የተመሠረተው ግምት የመካከለኛውን ውሃ ዓሣ አንድ ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲያደርገው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የድምፅ ጥናት አሥር እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አመለከተ። ልዩነቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ትልቁን ቁጥር ይዞ ወደ ሰፊ ማስገር መሮጥ፣ በእኔ እምነት፣ ችኮላ ነው። ለዚህም ነው ብዙ የምርምር ጉዞዎች በአንድ የመለኪያ ቦታ ላይ ሲቲዲን፣ ኤኮሳውንደርን፣ መረብንና ካሜራን ቀንና ሌሊት እያፈራረቁ የሚጠቀሙት።