ሲቹዋን የማያውቀው የሲቹዋን ሾርባ

ሰላም ሰላም። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ብሎ ከሰማችሁት ጉንፋን ነው። እስካሁን መዳን ነበረብኝ። ለምን እንዳልዳንኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ነው። እያሳልኩ፣ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነበር። ዝንጅብሉ፣ ማሩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ያልሞከርኩት የለም። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ታይዋናዊት ናት። ታይናን ከምትባል የደቡብ ከተማ ነው የመጣችው። ሦስት ቀን ታገሰችኝ። በአራተኛው፣ «ተነሽ፣ ሾርባ ልጋብዝሽ» አለችኝ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ለማታውቋት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አፍንጫ ሥር ያለች የሜሪላንድ ከተማ ናት። ሀበሻ ሞልቷል። እንጀራ ፍለጋ መኪና አታስነሱም። ስለዚህ ውጭ ልብላ ስልም የምበላው ያንኑ የኛኑ ነው። 11 ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ሮክቪል ላይ ስንት የእስያ ምግብ ቤት እንዳለ አላውቅም ነበር። በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም እኮ።

መንገድ ላይ፣ «ያው የቻይና ምግብ ነው አይደል?» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስለው «ምግብ አላችሁ እንዴ?» ያለኝ ሰው ነበር፤ ያኔ እኔም እንዲሁ ነው ዝም ያልኩት።

ቤቱ ትንሽ ነው። አሥር ጠረጴዛ ቢኖር ነው። ምንም ጌጥ የለውም። ስትቀመጡ አንድ ወረቀትና እርሳስ ይሰጧችኋል። የምግቡ ስም ተዘርዝሯል፤ የፈለጋችሁት ላይ ምልክት አድርጋችሁ ትመልሳላችሁ። ጥግ ላይ መስታወት ያለው ማቀዝቀዣ አለ። ኪያር በነጭ ሽንኩርት፣ ለውዝ፣ የባሕር ቅጠል፣ በሶይ ሶስ የጠቆረ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር ነው)፣ ሁሉም በትንንሽ ሳህን ተቀምጧል። ራሳችሁ ሄዳችሁ ታነሳላችሁ። ባለቤቷ ስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። ባልደረባዬ «አዪ» እያለች ነው የምትጠራቸው። አክስት ማለት ነው። አክስቷ ናቸው ብዬ ነበር፤ አይደሉም። እኛ «እትዬ» እንደምንለው ነው። ከዚያ በኋላ እኔም በሆዴ እትዬ ስላቸው ዋልኩ።

አሁን፣ አንድ ችግር አለ። እኔ አሳማ አልበላም። ሃይማኖት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከሃይማኖቱ እኩል እናቴን እፈራለሁ። አዲስ አበባ ሆና ይሸታታል ብዬ አስባለሁ። ታይዋኖች ደግሞ አሳማ ይወዳሉ። በጣም የሚታወቀው የየቀን ምግባቸው ሉ ሮው ፋን ይባላል፤ ስቡ ያልወጣለት የአሳማ ሥጋ ተከትፎ በሶይ ሶስ ይበስልና ሩዝ ላይ ይደፋል። እሱን ዘለልኩት። ጥቅል ጎመን አየሁና ለእትዬ፣ «ይሄ አሳማ የለውም አይደል?» አልኳቸው።

«የለውም» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና፣ «ትንሽ ብቻ» አሉ።

በአሳማ ስብ ነው ለካ የሚጠበሰው። ጎመኑንም ዘለልኩት።

ታዲያ የጾም ምግባቸውን ብታዩ። ታይዋን ውስጥ ቡድሂስት ብዙ ነው፤ ሥጋ የማይበላም ብዙ ነው። እንደኛ በቀን የተቆረጠ ሳይሆን ዕድሜ ልኩን የሚጾም አለ። ግን ጥብቅ የሆኑት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይነኩም። ያለ ሽንኩርት ሽሮ አስቡት እስቲ። እኔ ከሥጋው ይልቅ ሽንኩርቱ ነው የሚከብደኝ።

ሾርባው መጣ። ኒዩ ሮው ሚየን። የበሬ ሥጋ ኑድል ነው። ሳህኑ ጭንቅላቴን ያክላል። መረቁ ቀይ ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ ዘይት ያንሳፈፈበት፣ አይታችሁ ቀይ ወጥ ነው የምትሉት። ውስጡ ለሰዓታት የተቀቀለ የባት ሥጋ አለ። ጅማቱ እንደ ቅልጥም አፍ ላይ ይቀልጣል። ዝንጅብል፣ ያ ኮከብ የሚመስለው ቅመም፣ ቃሪያ፣ ከላይ የኮመጠጠ የሰናፍጭ ቅጠል። አንድ ማንኪያ ቀመስኩ፤ አፍንጫዬ ተከፈተ። አራት ቀን ሙሉ ተዘግቶ የቆየ አፍንጫ!

ባልደረባዬ እያየችኝ፣ «አያቴ ይሄን አንድ ቀን ሳይቀምስ ነው የሞተው» አለችኝ። ገበሬ ነበሩ። በድሮው የታይዋን ገበሬ ዘንድ የበሬ ሥጋ መብላት ነውር ነበር። አርሶ ያበላህን እንዴት ትበላለህ ነው ነገሩ። እኔም አያቴ ትዝ አሉኝ። በሬዎቻቸውን በስም እየጠሩ፣ እየዘፈኑላቸው ነበር የሚያርሱት። ግን ፋሲካ ሲደርስ ቅርጫው ቦታ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ነበሩ። ይሄን አልነገርኳትም።

እንግዲህ በሬ የማይበላ አገር በበሬ ሾርባ እንዴት ታወቀ? እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የያዘኝ። በነሱ አቆጣጠር በ1949 ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥት በእርስ በርስ ጦርነቱ ተሸንፎ ወደ ታይዋን ተሻገረ። ወታደሩ፣ ቤተሰቡ፣ ሠራተኛው፣ በጠቅላላው ከ1 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው የተሻገረው። ብዙዎቹ የወታደር ቤተሰብ መንደር እየተባለ በተሠራ ጠባብ ሰፈር ሰፈሩ። ቶሎ እንመለሳለን ብለው ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዋናው ቻይና መሄድ የተፈቀደላቸው በ1987 ነው። ቁጠሩት፤ 38 ዓመት።

ከነሱ ውስጥ ሲቹዋን ከምትባል የቻይና ክፍለ ሀገር የመጡ ሰዎች ነበሩ። የሲቹዋን ሰው ያለ ዶባንጂያንግ አይሆንለትም፤ ከባቄላና ከቃሪያ የሚብላላ ድልህ ነገር ነው። ስለዚህ ጋንግሻን በሚባል፣ የአየር ኃይል ሰፈር ባለበት የደቡብ ከተማ፣ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ የእርዳታ ስንዴ በገፍ ይገባ ነበር። ዱቄቱ ኑድል ሆነ። ድልሁ መረቅ ሆነ። እነሱ ደግሞ በሬ መብላት ነውር አልነበረባቸውም። ሾርባው ከዚያ ከጋንግሻን አካባቢ ወጣ ይባላል።

እስከ ዛሬ በየሜኑው «የሲቹዋን የበሬ ኑድል» የሚል ታገኛላችሁ። ባልደረባዬ ሲቹዋን ሄዳ ይሄን ሾርባ ጠይቃ ነበር። «እሱማ የታይዋን ነው» አሏት።

ይህን ስትነግረኝ አክስቴን አሰብኩ። አክስቴ ዲሲ የገባችው በ1980ዎቹ፣ በነሱ አቆጣጠር ነው። ጤፍ የለም። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት የጀመረ ሰው ነበር፤ እሷ ጋ ግን አልደረሰም። እንጀራ በምን ትጋግር? ከሱፐርማርኬት ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት ትገዛለች። በጋዝ ውኃ ትበጠብጠዋለች። በማይጣበቅ መጥበሻ ትጋግራለች። ነጭ፣ ስስ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። ዓይን ግን አለው! መጀመሪያ ቤቷ ስመጣ እንጀራ ነው ብላ ስታቀርብልኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጇ እሱን እየበላች ነው ያደገችው። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ወስደናት፣ እናቴ ማኛ ጤፍ አስፈጭታ፣ ሦስት ቀን አብላልታ ጋገረችላት። ልጅት አንድ ጉርሻ በላችና በጆሮዬ፣ «እዚህ እውነተኛ እንጀራ የለም?» አለችኝ።

እናቴ እስከ ዛሬ አልሰማችም። ይሄን ፖድካስት እንዳትልኩላት።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ሁለተኛ ያዘዝነው «ሦስት ስኒ ዶሮ» ነው። ሳን ቤ ጂ። የሰሊጥ ዘይት፣ ሶይ ሶስ፣ የሩዝ ወይን፣ ከየአንዱ አንድ ስኒ የሚል ስም ነው። በሸክላ ድስት እየተንጨረጨረ ይመጣል። እትዬ ክዳኑን ሲያነሱት ግን እኔ ሮክቪል አልነበርኩም። ግቢያችን ነበርኩ፤ በርበሬ ተሰጥቶ፣ ቅመሙ በሰፌድ ተዘርግቶ። በሶብላ! ማለት ይቻላል ራሱ በሶብላ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ነው። እኛ አድርቀን ወደ በርበሬና ሽሮ እንከተዋለን፤ እነሱ እርጥቡን እንዳለ በመጨረሻ ይበትኑበታል። «ባለ ዘጠኝ ፎቅ ግንብ» ይሉታል፤ አበባው ደረጃ በደረጃ ስለሚደረደር። ቃሉ አምሮኛል። ዶሮውን ትቼ ቅጠሉን እየለቀምኩ በላሁ።

ስለ ቦባ ሻይ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻዩ ውስጥ የሚገቡት ጥቋቁር ኳሶች ከካሳቫ ነው የሚሠሩት። ታይናን ያለ አንድ ሻይ ቤትና ታይቹንግ ያለ ሌላ ሻይ ቤት፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት እያሉ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል። ባልደረባዬ የትኛውን እንደምትደግፍ መናገር አያስፈልግም።

በመጨረሻ «የሚሸተው ቶፉ» መጣ። ስሙ ራሱ ይሄው ነው፤ አልደበቁም። ቶፉውን በተብላላ ጨዋማ ውኃ ዘፍዝፈው ይጠብሱታል። ከሁለት ጠረጴዛ ርቀት ነው የደረሰኝ፤ ያን ሾርባ ጠጥቼ አፍንጫዬ ባይከፈት ኖሮ ደስ ባለኝ። እጄ ሳላዘው አፍንጫዬ ላይ ሄደ። ወዲያው አፈርኩ። ለምን መሰላችሁ? መጀመሪያ የተከራየሁበት ሕንፃ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ቅቤ ሳነጥር ጎረቤት በር አንኳኳ። «የሆነ ነገር ሞቷል መሰለኝ» አለኝ። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ የገባበት የናቴ ቅቤ! ለሳምንት መስኮት ከፍቼ ነበር የማበስለው።

እጄን አወረድኩና በላሁ። ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ከኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ጋር ነው የሚበላው። ሽታው አፍ ውስጥ ሲገባ ጠፍቶ ወደ አይብ ወደ አይብ ይላል። ሦስት ፍሬ በላሁ። እትዬ ደስ አላቸው። ደስ ከማለታቸው የተነሳ አንድ ሙሉ ሳጥን አሽገው፣ እምቢ ብል በሞቴ በሚል ዓይን እያዩ ሰጡኝ።

ባልደረባዬን ቤቷ አደረስኳት። ብቻዬን ከሳጥኑ ጋር ቀረሁ። አንዱን መስኮት ከፈትኩ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሀይዌይ ላይ ስገባ አራቱም ተከፍተው ነበር። የካቲት ነው፤ ውጪ በረዶ አለ። ሾርባው ያዳነኝ ጉንፋን ሲልቨር ስፕሪንግ ሳልደርስ ተመልሶ ያዘኝ።