አባዬና ቬንትሌተሩ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ቬንትሌተር ነው። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ትፈርዱልኛላችሁ፣ አላጠፋውም።

ስለ አባዬ ጆሮ ላውራ። አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ፣ ብረት ሲቆረጥ፣ ያኔ ደግሞ ጆሮውን የሚሸፍን ማን ነበር? ጡረታ ከወጣ በኋላ "ምን አልሽ?" አበዛ። "ሱቅ ደርሼ ልምጣ" ስለው "ሩቅ? የት ነው ሩቁ?" ይለኛል። እንስቃለን፣ እሱም አብሮን ይስቃል።

እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነበር። ወንድሜ ሲያወራው ይሰማል፣ እኔ ሳወራው ዝም። አቦ፣ ሴት ስለሆንኩ ነው ብዬ ስንቴ አኩርፌያለሁ!

ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው "ደንቆሮ ልታስብዪኝ ነው?" ብሎ ተነሳብኝ። ተውኩት። በኋላ ግን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ከጓደኞቹ ጋር መቀመጡን አቆመ። ለምን ስለው፣ "ሁሉም ባንዴ ያወራሉ፣ ይደክመኛል" አለኝ። ይቺ አንጀቴን በላችው። "ኩክ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ይዩልህ" አልኩት። ለኩክ ብሎ ሄደ። (ክብሪት ጆሯችሁ ውስጥ አትክተቱ፣ ታምቡሩን ትበሱታላችሁ።)

ከአንገት በላይ ሐኪሙ ሲጠይቀው እኔ እመልሳለሁ። "እሱን ነው የጠየቅኩት" አለኝ። አፈርኩ። ከዛ ድምፅ የማያስገባ ክፍል አስገቡት፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። የምርመራው ወረቀት ላይ መስመሩ ወፍራሙ ድምፅ ጋ ደህና ሄዶ፣ ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ገደል ይገባል። ለካ የወርክሾፕ ጩኸት በውስጠኛው ጆሮ ቀድሞ የሚገድለው ቀጭን ድምፅ የሚይዙትን ህዋሳት ነው፣ አንዴ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም። "ስ"፣ "ሽ"፣ "ፍ" እዛው ቀጭኑ ጋ ናቸው። የሴትና የሕፃን ድምፅም ቀጠን ስለሚል ቶሎ ያመልጠዋል። ያ ሁሉ ኩርፊያዬ ወረቀቱ ላይ ተሰምሮ አየሁት።

የአባዬ በዓመታት የመጣ ነው። የናንተ ሰው ግን ድንገት፣ በአንድ በሁለት ቀን መስማት ካቆመ፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ በጊዜ ከተደረሰበት ሊድን የሚችል አለ።

የመስሚያ መሣሪያውን አድርጎ ቤት የገባ ዕለት መጀመሪያ ያየው ቬንትሌተሩን ነው። "ይሄ ነገር ሁሌ እንዲህ ነው የሚጮኸው?" አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እኔ እንደ መነፅር መስሎኝ ነበር፣ ታደርጋለህ፣ አለቀ። አይደለም፤ ጭንቅላት የረሳውን ድምፅ እንደገና እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። ማታ ማታ፣ ፀጥ ሲል፣ በአንድ ሰዓት ጀመርን። አሁን ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል፣ ባጃጅ የበዛበት መንገድ ላይ ብቻ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል።

ትናንት ጎረቤታችን መጥታ "እንዴት ነህ?" አለችው። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ዞር ብሎ አየኝ። ዘጋሁት።