ሻንጣዬን አትንካ፦ መቆለፊያን ያለ ቁልፍ መክፈት እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ

ሰላም፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ርዕሳችን መቆለፊያን ያለ ቁልፍ መክፈት ነው፤ እንደ እንጀራ ሳይሆን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ። ለጀማሪ ምን ያስፈልገዋል፣ ከየት ይነሳል፣ ሕግስ ምን ይላል የሚሉትን በተራ እንጠይቃለን። ዮናስ ወደዚህ ክፍል ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም፤ ስለዚህ ተራው መጠበቁን እጠራጠራለሁ።

ዮናስ፦ የበሩ መቆለፊያ ደካማ ነው። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ሰላም፦ የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ!

ዮናስ፦ እሱን ቃል አንሺ። እኛ ዘንድ ሁለት የማይሻሩ ደንቦች አሉ። የራስህ ያልሆነውን ወይም ባለቤቱ ያልፈቀደልህን መቆለፊያ አትነካም፤ ይህ አንድ። በአገልግሎት ላይ ያለውን መቆለፊያ ደግሞ የራስህም ቢሆን አትነካም።

ሰላም፦ የራሴን በር መሞከር ምን ነውር አለው?

ዮናስ፦ ነውር የለውም፣ ጣጣ ግን አለው። ሞላው ሊጣመም ይችላል፤ የመጎርጎሪያው ጫፍ ተሰብሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ትክክለኛውን ቁልፍ በእጅሽ ይዘሽ ውጭ ታድሪያለሽ።

ሰላም፦ ደንብህ እንዲህ ጥብቅ ከሆነ የእኔ ሻንጣ ምን አደረገችህ? አድማጮቻችን ይስሙልኝ። ቁልፏ የጠፋባት አሮጌ ሻንጣ አለችኝ። ዮናስ ይህን የሰማ ዕለት ሰላምታው ተቀየረ። "ደኅና ነሽ?" ማለት ትቶ "ሻንጣዋስ?" ይለኛል።

ዮናስ፦ በአገልግሎት ላይ የለችም፤ ባለቤቷም አጠገቤ ተቀምጣለች። የቀረው ፈቃድ ብቻ ነው። የሻንጣ መቆለፊያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለይስሙላ የተሠራ ነው።

ሰላም፦ አልፈቅድም። ውስጧ ያለውን እኔም ረስቼዋለሁ፣ ሳልረሳው በፊት ግን ምሥጢር እንደነበር አስታውሳለሁ። ወደ ርዕሳችን። ለጀማሪ ምን ያስፈልገዋል?

ዮናስ፦ ከዚያ በፊት ሆብስ።

ሰላም፦ ሆብስ ደግሞ ማነው? ጥያቄዬ እኮ አጭር ነበር።

ዮናስ፦ ሆብስን ሳያውቅ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው ብረት መጎርጎር ብቻ ነው። ለንደን፣ 1784። ጆሴፍ ብራማ የሚባል ብልህ ሰው አዲስ ዓይነት መቆለፊያ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ያስመዘግባል። በ1790 ደግሞ በሱቁ መስኮት ላይ አንድ ጓጉንቸር ሰቅሎ፣ ይህን ያለ ቁልፍ የሚከፍት መሣሪያ ለሚሠራ ሰው 200 ጊኒ፣ ማለት የያኔ የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ፣ ወዲያውኑ እንደሚከፈለው ጻፈበት። ጓጉንቸሩን የሠራለት ሄንሪ ሞድስሌይ ነው፤ በኋላ በማሽን ሥራ ስሙ የገነነው።

ሰላም፦ ድፍረቱ ደስ ይላል።

ዮናስ፦ ስድሳ ዓመት አለፈ! ብራማ በ1814 ሞተ፣ ጓጉንቸሩ ግን መስኮቱ ላይ ቀረ። ከዚያ 1851 መጣ፤ በለንደን ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከአሜሪካ የመቆለፊያ ኩባንያ ወኪል ሆኖ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ ደረሰ። የመጣው ዕቃ ሊሸጥ ነው፤ ነገር ግን ገበያ የሚገኘው የተፎካካሪን ስም በመስበር መሆኑ ገብቶታል። መጀመሪያ የቸብን መቆለፊያ ያዘ።

ሰላም፦ ገና ወደ ብራማ አልደረስንም?

ዮናስ፦ ቆይ፣ የቸብ ብልሃት ይበልጣል። ጄረማያ ቸብ በ1818 ያወጣው መቆለፊያ የነካካውን ሰው ያጋልጣል። ውስጡ ካሉት ምላሶች አንዱን ከልኩ በላይ ካነሳኸው መቆለፊያው ይነክሳል። ባለቤቱ በኋላ ቁልፉን ሲያስገባ እምቢ ስለሚለው፣ ሌላ እጅ እንደነካው ያውቃል። ሆብስ ምን አደረገ? ያንኑ ማጋለጫ መልሶ ለራሱ መንገድ መሪ አደረገው! በምስክሮች ፊት በ25 ደቂቃ ከፈተው።

ሰላም፦ ሰላዩን ገልብጦ ለራሱ ቀጠረው በለኛ።

ዮናስ፦ እንዲያ ነው! የብራማን ግን በቀላሉ አላገኘውም። ዳኞች ተመርጠው፣ ቦታ ተሰጥቶት፣ በ16 ቀናት ውስጥ ተከፋፍሎ 51 ሰዓት ፈጀበት። በመጨረሻ ከፈተው። ኩባንያው ተከራከረ፣ አጉረመረመ፣ 200 ጊኒውን ግን ከፈለ። ጓጉንቸሩ አሁን በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል።

ሰላም፦ 51 ሰዓት የፈጀ ሰው አሸነፈ ይባላል? እኔ ዳኛ ብሆን ለጓጉንቸሩ እፈርድለት ነበር። የትኛው ሌባ ነው ለሁለት ሳምንት ያህል አንድ በር ፊት ተቀምጦ የሚጎረጉረው?

ዮናስ፦ ይህ ክርክር ያኔም ተነስቷል፤ እውነት አለው። ግን ማስታወቂያው "ሌባ አይከፍተውም" አላለም፤ የሚከፍት ካለ ይምጣ ነው ያለው። ሰውየውም መጣ።

ሰላም፦ ለጓጉንቸሩ ፈርጃለሁ።

ዮናስ፦ ፍርድሽን ይግባኝ እጠይቃለሁ።

ሰላም፦ ስለ ቁልፍ ካነሳን እኔም አንድ ልጨምር። የፈረንሳዩ ሉዊ 16ኛ ቁልፍ ሥራ ይወድ ነበር፤ ራሱ ብረት ይሞርድ ነበር። በኋላ ምሥጢራዊ ወረቀቶቹን ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ውስጥ በብረት ሣጥን አስቀመጠ። በ1792 ያንን ሣጥን ለአብዮተኞቹ የጠቆመው ማን ነው? ጋማን፤ የገዛ ቁልፍ ሠሪው። እኔ ሻንጣዬን የማልሰጥህ ያለ ምክንያት አይደለም።

ዮናስ፦ የሉዊ ጥፋት ሣጥኑን ማሠራቱ ሳይሆን ሠሪውን ማስቀየሙ ይሆናል።

ሰላም፦ እያስፈራራኸኝ ነው?

ዮናስ፦ በፍጹም። ፋይንማን እንኳን የከፋ ስም ነበረው። ሪቻርድ ፋይንማን፣ የፊዚክስ ሊቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአቶሚክ ቦምብ በሚሠራበት በሎስ አላሞስ ሥራው ሲሰለቸው የባልደረቦቹን የፋይል ካዝናዎች ይከፍት ነበር። ራሱ እንደተረከው፣ ካዝናው ተከፍቶ ሳለ ቁጥሩን በጣቱ እያሽከረከረ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ሸምድዶ ይሄዳል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከፋብሪካ ሲመጡ የነበራቸው ቁጥር አልተለወጠም ነበር።

ሰላም፦ ይህ እንኳን መክፈት አይደለም፤ ሰውን መታዘብ ነው።

ዮናስ፦ ዋናው ነጥብ እሱ ነው! የዚያው ቦምብ ሥራ ወደሚካሄድበት ወደ ኦክ ሪጅ ሄዶ የአንድ ኮሎኔልን ካዝና ከፈተና ካዝናው ክፍት ሳለ ቁጥሩ እንደሚሰረቅ አስረዳ። ኮሎኔሉ ምን ዓይነት እርምጃ ወሰደ? ፋይንማን ቢሮው የገባ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ይቀይር ብሎ ደብዳቤ በተነ።

ሰላም፦ ጥሩ መመሪያ ነው፤ እኔም በአንተ ላይ አወጣዋለሁ።

ዮናስ፦ ካዝናውን ክፍት አትተዉ ማለት ሲገባው ሰውየውን ፈሩት! አየሽ፣ አንቺም እንደዚያው ነሽ። ሻንጣሽ ደካማ መሆኗን የነገረሽን ሰው ትፈሪያለሽ እንጂ ሻንጣዋን አትጠራጠሪም።

ሰላም፦ ቆይ፣ ይህን በቁም ነገር እንየው። ይህን ሁሉ በአደባባይ ማስተማር ለሌባ መንገድ ማሳየት አይሆንም?

ዮናስ፦ ሆብስንም ይህንኑ ጠይቀውታል። የእሱ መልስ ሌቦች ከእኛ ቀድመው ያውቁታል የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ሌባ ይህን ትዕግሥት የለውም እላለሁ። መስኮት ይሰብራል፣ በር ይገነጥላል፣ ወይም ያልተቆለፈ ይፈልጋል። መሬት ላይ ተንበርክኮ የመቆለፊያውን ፒኖች፣ ጥቃቅን የብረት ዘንጎቹን፣ አንድ በአንድ የሚያዳምጥ ሌባ ብርቅ ነው።

ሰላም፦ ብርቅ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም።

ዮናስ፦ አይደለም። ግን የመቆለፊያውን ድክመት የሚያውቀው ሌባ ብቻ ከሆነ ገዢው በምን ይመርጣል?

ሰላም፦ ግማሹን ተቀብያለሁ። ሌላውን ግማሽ አስብበታለሁ። አሁን እንዴት እንደሚሠራ ንገረን፤ ነገሥታትንና ኮሎኔሎችን እናሳርፋቸው።

ዮናስ፦ በጣም የተለመደውን የፒን መቆለፊያ እንያዝ። ሐሳቡ የጥንት ግብፃውያን ከእንጨት የሠሩት ነው። በ1848 ሊነስ ዬል የሚባል አሜሪካዊ በብረት አመጣው፤ ልጁ በ1861 አሻሽሎ ዛሬ የምናውቀውን ጠፍጣፋ ቁልፍ ሰጠን። ውጨኛ ሲሊንደር አለ፤ በውስጡ የሚዞር ሌላ ሲሊንደር አለ። ሁለቱንም የሚያቋርጡ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳዎች አሉ። በየቀዳዳው ሁለት ፒን ተደራርቧል፤ ከላይ ሞላ ይጫነዋል። የላይኛው ፒን እግሩን ወደ ውስጠኛው ሲሊንደር ስለሚሰድ ሲሊንደሩ አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያነሱታል። የፒኖቹ መገናኛና የሲሊንደሮቹ መገናኛ አንድ መስመር ላይ ይውላሉ፤ ይዞራል።

ሰላም፦ ቁልፍ ከሌለ ግን አምስቱን በአንድ ጊዜ በልካቸው ማንሳት አለብህ። በሁለት እጅ ይህ አይቻልም።

ዮናስ፦ እዚህ ላይ ነው ፍቅር የያዘኝ! በአንድ ጊዜ ማንሳት አያስፈልግም። ምክንያቱም ቀዳዳዎቹ ፍጹም ቀጥ ብለው አልተበሱም። የትኛውም ፋብሪካ ቢሆን በጣም ጥቂት ያዛባል። ስለዚህ ውስጠኛውን ሲሊንደር በስሱ ለማዞር ስትሞክሪ አምስቱም እኩል አይያዙም፤ ከሁሉ በፊት አንዱ ይያዛል። እሱን ፈልገሽ ቀስ ብለሽ ታነሺዋለሽ። ጠቅ ይላል። ሲሊንደሩ ቅንጣት ታህል ይዞርና የላይኛውን ፒን በዚያው ያስቀረዋል። ቀጥሎ ሌላው ይያዛል። አንድ በአንድ!

ሰላም፦ እንግዲያው የምትከፍተው በሠሪው ስሕተት ገብተህ ነው።

ዮናስ፦ ስሕተት አትበዪው፤ ፍጹም ብረት የለም። ውድ መቆለፊያ ጥበቱ የበዛ ነው፣ ርካሹ ልቅ ነው። ልዩነቱን ጣትሽ ይነግርሻል።

ሰላም፦ ሠሪዎቹስ ዝም ብለው አዩ?

ዮናስ፦ አላዩም። ወገበ ቀጭን ፒን አመጡ።

ሰላም፦ ምን?

ዮናስ፦ እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። መሐሉ ተሞርዶ የቀጠነ ፒን። ስታነሺው ወገቡ መስመሩ ላይ ሲደርስ ሲሊንደሩ ከወትሮው በላይ ይዞርልሻል። ከፈትሁ ብለሽ ትደሰቻለሽ፤ አልተከፈተም። የፒኑ ከንፈር ነክሶ ይዞሻል። አሁን መድኃኒቱ የሚያስጨንቅ ነው፦ ሲሊንደሩን የምታዞሪበትን ግፊት ማላላት አለብሽ። ስታላዪው ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የደከምሽባቸው ሌሎቹ ፒኖችም ሊወድቁ ይችላሉ። እየፈራሽ ወደፊት ትገፊያለሽ።

ሰላም፦ ወገበ ቀጭን የሰው ልብ ማቃጠል ልማዷ ነው።

ዮናስ፦ የእኔን አቃጥላለች። ጉልበት የጨመረባት ሰው ሁሉ ይሸነፋል።

ሰላም፦ እሺ፣ አሁን ከመነሻው የጠየቅሁህን መልስልኝ። ምን ልግዛ?

ዮናስ፦ ጥቂት ነው። አንድ ማዞሪያ ብረት፤ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ የታጠፈ ቀጭን ዘንግ። አንድ ጫፉ በትንሹ የተቆለመመ መጎርጎሪያ። ርካሽ ጓጉንቸር። ሃያና ሠላሳ መሣሪያ የያዘ ቦርሳ አትግዢ፤ አብዛኛውን አትነኪውም።

ሰላም፦ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ውስጡ የሚታይ መለማመጃ አለኝ እኮ።

ዮናስ፦ ጣዪው።

ሰላም፦ አልጥልም! አሠራሩ የገባኝ በእሱ ነው። ከቅድም የተናገርከውን ሁሉ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ዮናስ፦ ለመረዳት ጥሩ ነው፣ ለመልመድ መጥፎ። ዓይንሽ ሥራውን ስለሚሠራ ጣትሽ ሰነፍ ይሆናል። እውነተኛ ጓጉንቸር ሲሰጥሽ ዓይነ ስውር ትሆኛለሽ።

ሰላም፦ በጨርቅ ሸፍኜ ብሠራበትስ?

ዮናስ፦ እሱ... እሱ ይሻላል። ግን ጥራቱም ልቅ ነው፤ ጠቅ የሚለውን ነገር በደንብ አትሰሚውም።

ሰላም፦ ይሻላል ብሏል፤ ተመዝግቧል። ጥርስ ያለው መሣሪያ ደግሞ አለ፤ ዝም ብለህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስትፈትገው የሚከፍት።

ዮናስ፦ አለ። ርካሽ መቆለፊያን በቅጽበት ይከፍታል። ምን እንደተከፈተ ግን አታውቂም። ለእኔ ዕድል መሞከር ነው።

ሰላም፦ ለእኔ ከተከፈተ ተከፍቷል። ሕጉን በአጭሩ።

ዮናስ፦ እንደየአገሩ ይለያያል። በብዙ ቦታ መሣሪያውን መያዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ለክፉ ሐሳብ መያዝ ነው የሚያስጠይቀው። ጃፓን ግን በ2003 ባወጣችው ሕግ ያለ በቂ ምክንያት መያዝን ከልክላለች። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ያሉበትን አገር ሕግ ማንበብ ነው። በ1997 ሃምቡርግ ውስጥ ይህን እንደ ስፖርት የያዙ ሰዎች በይፋ ማኅበር መሥርተዋል፤ በኔዘርላንድስም ቱል የሚባል ማኅበር አለ። ከሰዓት ጋር ይወዳደራሉ፤ ቅድም የነገርሁሽን ደንቦች በጥብቅ ይከተላሉ።

ሰላም፦ ሰዓታችን አለቀ፤ እንሰናበት።

ዮናስ፦ የዲስክ መቆለፊያን ሳናነሳ? ኤሚል ሄንሪክሰን፣ ፊንላንድ፣ 1907! ፒን የለውም፤ ቁልፉ ዲስኮችን ያዞራል፣ ጎድጎዳቸው ሲሰለፍ አንድ ዘንግ ይወድቅና ይከፈታል። ሞላ እንኳን የለውም! ለዚህ ነው ብርድና ቆሻሻ የማይበግረው።

ሰላም፦ ሞላ ከሌለው ዲስኮቹን ወደ ቦታቸው ምን ይመልሳቸዋል?

ዮናስ፦ ራሱ ቁልፉ፤ መልሰሽ ስታዞሪው።

ሰላም፦ ታዲያ በመጎርጎሪያ ሲነካ...? አይ፣ ተወው። ቀረጻውን አቁሙልን፤ እኔ ግን ይህን ሳልሰማ አልሄድም።