ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ውሃ ነው

ውድ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ሆድ ድርቀት በጥቅሉ እንድናገር ነበር፣ እሱም ይደርሳል። አስቀድሜ ግን ስለ ታናሽ እህቴ ላውራችሁ፤ ፈቅዳልኛለች።

እህቴ የሆድ ድርቀት ኖሯት አያውቅም። የሚያስቀምጥ ኪኒን የጀመረችው ለመክሳት ብላ ነው። መጀመሪያ ማታ ማታ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ በኋላ አንዱን እሽግ በሁለት ቀን ትጨርስ ጀመር። ጠዋት ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ አንድ ኪሎ ቀንሳለች፣ ደስ ይላታል። በሦስተኛው ቀን ኪሎው ይመለሳል፣ እሷም ኪኒኑን ትጨምራለች። እኔ ፋርማሲስቱ ወንድሟ አንድ ቤት እየኖርን አላወቅኩም። ያወቅኩት ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ከድቷት የወደቀች ቀን ነው። የልቧ ምት ተዛብቷል። ደሟ ሲመረመር ፖታሲየሟ፣ ልብና ጡንቻ የሚፈልጉት ጨው፣ ክፉኛ ወርዷል። ሐኪሙ ምን እየወሰድሽ ነው ቢላት "ምንም" አለች። ባዶ እሽጎቹን ከፍራሿ ሥር ያገኘኋቸው እኔ ነኝ።

ሁላችንም ተምረነዋል እኮ። የምግብ ጉልበት አብዛኛው የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት ነው፣ እንደ ሴናና ቢሳኮዲል ያሉት የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች የሚሠሩት ደግሞ ትልቁ አንጀት ላይ ነው፣ ስለዚህ የሚወጣው በዋናነት ውሃና ጨው ነው። ውሃ የጎደለበት ሰውነት ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። መድኃኒቱ ሲቆም ፊትና እግር ያብጣል፣ ሰውየው ወፈርኩ ብሎ ይደነግጣል፣ ተመልሶ ይውጣል። እህቴን አስሮ የያዛት ይሄ ነው።

ታዲያ እያወቅን ለምን አንጠይቅም? አንዲት ልጅ በየሳምንቱ መጥታ ያንኑ እሽግ ስትገዛ "ለማን ነው? ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ?" ማለት ምን ይከብዳል? እህቴን የጠየቃት ሻጭ የለም። አንድም! ጭራሽ ሴና ያለበትን ሻይ "ሆድ ያጸዳል፣ ያከሳል" እያሉ የሚሸጡም አሉ። ቅጠል ስለሆነ መድኃኒትነቱ ይቀራል እንዴ?

ስለ ድርቀቱ ባጭሩ፦ በቀን 3 ጊዜም በሳምንት 3 ጊዜም ለሰገራ መውጣት ጤናማ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ አሰር ያለው ምግብና እንቅስቃሴ ይሞከር። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ያለ ሐኪም ከአንድ ሳምንት በላይ አይወሰድ። ከባድ የሆድ ሕመምና ማስመለስ ካለ ጭራሽ አይነካ። ለመክሳት ብሎ የሚውጥ ሰው ሐኪምም የሥነ ልቦና ባለሙያም ያስፈልገዋል፤ ቁጣ ብናወርድበት ይደብቀናል።

እህቴ አሁን ደህና ናት። ሚዛኑን ከቤት አውጥተነዋል። ነገ ያ እሽግ ሲጠየቅ፣ እጃችሁ መደርደሪያው ጋ ሳይደርስ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ።