ቅዳሜያችሁን ስጡን

እንግሊዝ አገር ባለው ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ በሌሊት ተነሥታችሁ ከሌላ ከተማ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቻችን፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዓመት ቆጥረን ለመገናኘት በቃን፣ ተመስገን። ባለፈው ጉባኤ እዚህ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት የባቡር ሰዎች ግን ዛሬ አብረውን የሉም። ነፍሳቸውን ይማር። ስለ እነርሱ ጸሐፊያችን በኋላ ትናገራለች። የዛሬውን ንግግር ያጻፈኝ የእነርሱ መለየት መሆኑን ግን አልደብቃችሁም።

ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኳትን ዕቃ ከኋላ ያላችሁ ላታዩአት ትችላላችሁ። አንገተ ረጅም የዘይት ጣሳ ናት። አያቴ በእንፋሎቱ ዘመን በድሬዳዋ ምድር ባቡር እሳት ቆስቋሽ ነበሩ፤ ጣሳዋ የእርሳቸው ናት። አባቴ እዚያው አቴሊዬ፣ ማለትም ባቡር መጠገኛው ውስጥ፣ ቶርኖ ላይ ይሠሩ በነበረበት ጊዜ ጣሳዋ ጡረታ ወጥታ፣ የቤታችን በር ሲንቋቋ ማጠፊያውን ዘይት የምናጠጣባት ሆና ነበር። አንገቷ ጫፉ ላይ ወደ ግራ ጎበጥ ያለ ነው። ልጆች ሳለን ወድቃ የተጣመመች ይመስለን ነበር። ወንድሜ አንድ ቀን ላቃናት ብሎ መዶሻ ሲያነሣ እናቴ ደርሳ ነው ያስጣለችው።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ በበጎ ፈቃደኞች በሚንቀሳቀስ አንድ የእንፋሎት ባቡር ግቢ ውስጥ፣ ከሎኮሞቲቭ፣ ከባቡሩ ጎታች፣ ሥር ባለው መፈተሻ ጉድጓድ ቆሜያለሁ። አብሮኝ ያለው ሰው 78 ዓመቱ ነው። የዘይት ጣሳውን አነሣ። አንገቱ ወደ ግራ የጎበጠ ነው። ክንዱን በመንኮራኩሮቹ መሀል አሾለከና፣ ዓይን የማያያትን የዘይት ቀዳዳ በጣሳው ጫፍ ዳብሶ አገኛት። ቀጥ ያለ አንገት እዚያ ቦታ አይደርስም። አያቴ ሆን ብለው ነው ያጎበጧት! ይህን በቤታችን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ለምድር ባቡር ያገለገሉት አባቴ እንኳ አያውቁም ነበር፤ እርሳቸው የናፍጣ ሰው ናቸው። ከአያት ወደ አባት ሳይሻገር የጠፋውን ዕውቀት እኔ ከባዕድ ሽማግሌ እጅ ተማርኩት። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሰውዬውም ምን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ በነጻ ስለሚሠራ ሥራ ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ብጠራ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባል ትንሽ መስመር አለ። በ1865 የተከፈተው ለቤት ክዳን የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ከተራራ ለማውረድ ነው። የሁለቱ ሀዲዶች ርቀት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የኛ የድሮው ሀዲድ አንድ ሜትር መሆኑን ስታስቡ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባችኋል። ድንጋይ ማውጫው ከተዘጋ በኋላ እንኳ ባለቤቱ ሰር ሄንሪ ሄይደን ጆንስ በሕይወት እስካለሁ ባቡሩ አይቆምም ብለው፣ ቃላቸውን ጠብቀው፣ በ1950 አረፉ። ሀዲዱን ሣር ውጦት ነበር። ከሁለቱ አሮጌ ሎኮሞቲቮች መንቀሳቀስ የምትችለው ዶልጎኅ የምትባለው፣ በ1866 የተሠራችው ብቻ ናት። በ1950 ጥቅምት ወር በርሚንግሃም አንድ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ተጠራ፤ ሰብሳቢው ደራሲው ቶም ሮልት ነበሩ። በግንቦት 1951 በጎ ፈቃደኞቹ ተረክበው ባቡሩን አስነሡት። በዓለም ላይ ፈቃደኞች ከመዘጋት አድነው ያስቀጠሉት የመጀመሪያው ባቡር ይህ ነው። ዛሬም ይሄዳል።

እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ሙዚየም አልከፈቱም፤ ሐውልትም አላቆሙም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ባቡሩ አንድ በጋ እንኳ እንዳይዘል ማድረግ ነው። ባቡሩ ስላልቆመ፣ የሚያውቀው ሰው ለማያውቀው የሚያሳይበት ቀን ተገኘ። ለእኔ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ከእነርሱ በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። በ1960 በደቡብ እንግሊዝ ብሉቤል የሚባለው ባቡር ተነሣ፤ እርሱ በኋላ እስከ ኢስት ግሪንስቴድ ለመድረስ፣ መንገዱን የዘጋውን የቤት ቆሻሻ ዝቆ ማውጣት ነበረበት። ያንን ጨርሶ በ2013 ደረሰ። የእንግሊዝ መንግሥት ባቡር በነሐሴ 1968 እንፋሎትን ሲያቆም፣ ባሪ በሚባል የዌልስ ወደብ ለቁርጥራጭ ብረት የተሸጡ ሎኮሞቲቮች ቆመው ነበር። ከእነዚያ 213ቱን ሰዎች ገንዘብ እያዋጡ አወጧቸው። ዘሩ እስከነአካቴው የጠፋ አንድ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ደግሞ ነበር፤ በ1990 ተነሥተው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ከዜሮ አዲስ ሠሩት። ቶርኔዶ ይባላል፤ በ2008 ተጠናቀቀ። 18 ዓመት ማለት ነው። እኛ አንድ ኮሚቴ ስንት ዓመት እንደሚያቆይ እናውቃለን።

አሁን እሳት እንዴት እንደሚለኮስ ልንገራችሁ፤ ልጆች፣ እዚህ ላይ ስልካችሁን ዝቅ አድርጉልኝ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንደርሳለን። ገና እሳት አይነካም፤ መጀመሪያ የሚታየው ውሃ ነው። የቦይለሩን ውሃ ልክ የሚያሳይ ቀጭን ብርጭቆ አለ፤ እርሱ ትክክል መሆኑ ሳይረጋገጥ ክብሪት አይጫርም። የእሳት ክፍሉ ጣሪያ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት። ውሃው ከዚያ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፣ ቦይለሩም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ቶሎ የሚቀልጥ የእርሳስ ውታፍ ይተከልበታል፤ ውሃ ሲጎድል እርሱ ቀልጦ እንፋሎቱን ወደ እሳቱ ይለቃል፣ ሰውም ይነቃል። ከዚያ የትናንቱ አመድ ይዛቃል። ከዚያ ዘይት የጠጣ ጨርቅና ፍልጥ ይገባል፤ ፍልጡ ሲያያዝ ከሰል በአካፋ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል።

መቸኮል ክልክል ነው። ቀዝቃዛ ቦይለር በጥድፊያ ከሞቀ ብረቱ እኩል አይለጠጥም፤ መገጣጠሚያው ያፈሳል። እናቶች፣ አዲስ ምጣድ እንዴት እንደሚያሟሹ እናንተ ታውቃላችሁ። እሳቱ መጀመሪያ ከበረታ ምጣዱ ጧ ይላል። ይኸው ነው። ሰዓታት ይፈጃል። የእንፋሎቱን ግፊት የሚለካው የማኖሜትሩ መርፌ ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ አይልም፤ በኋላ ሲነሣ፣ ያ ሁሉ ብረት ቲክ ቲክ እያለ ሲሞቅ ትሰሙታላችሁ። ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አሮጌ ባቡር የቆመ ዕቃ ነው ብሎ ደግሞ አይናገርም።

እኔ ወደ አካፋው ለመድረስ ከዓመት በላይ ጨርቅ ይዤ ብረት ወልውያለሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ወልዋይ፣ ፈተናውን ሲያልፍ እሳት ቆስቋሽ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነጂ። የወለወለ ሰው ስንጥቁን ያያል፤ የላላውን ብሎን ያገኛል። እሳት በጀመርኩበት ወር አብዝቼ ጭኜ፣ እሳቱ ታፍኖ፣ ጥቁር ጭስ ብቻ ሆኖ፣ ዳገት ላይ ተሳፋሪ ይዘን ቆመን ነበር። ነጂው አልተቆጣኝም። የእሳቱን በር ከፍቶ፣ አካፋውን በትንሹ በር መሀል ዘቅዝቆ፣ እሳቱ የት ላይ እንደሞተ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ የጭሱን መልክ ሳላይ አልጭንም።

አብረውኝ የሚሠሩት እነማን ናቸው? የአውቶቡስ ሾፌር አለ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት አለች፣ ሐኪም አለ፣ ትምህርት ቤት ገና ያልጨረሰች ልጅ አለች። በዚህ አገር ከ20,000 በላይ ሰዎች በቅርስ ባቡሮች ላይ በነጻ ይሠራሉ። አብዛኞቹ ሎኮሞቲቭ ላይ አይወጡም። የበሰበሰ የሀዲድ እንጨት ይለውጣሉ፣ ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ፣ ሻይ ያፈላሉ። ቦይለሩ በየ10 ዓመቱ ገደማ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል፤ ያ ገንዘብ ከሻዩና ከኬኩ ነው የሚለቀመው። ችግርም አለባቸው፤ በ2023 የዌልሱ ትልቁ የከሰል ማውጫ ስለተዘጋ ከሰሉን አሁን ከባሕር ማዶ ነው የሚያመጡት።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ ወደ አስመራ ይመልከት። ከምፅዋ እስከ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር ሀዲድ በጦርነቱ ተነቅሎ ምሽግ ተሠርቶበት ነበር። ነጻነቱ ከመጣ በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ። መጡ፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች። ሀዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው አነጠፉ፣ በ1938 የተሠሩትን የጣሊያኑን የአንሳልዶ ኩባንያ ሎኮሞቲቮች በራሳቸው እጅ ጠግነው፣ በ2003 አስመራ አደረሱት። ባቡሩን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ያ ሁሉ የሆነው ስለዚህ ነው። ሃያ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ አይሆንም ነበር።

እኛስ? የኛ ሀዲድ በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1902፣ በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1895፣ ድሬዳዋ ደረሰ። በ1917 በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ ገባ። ሐረር መውጣት ተራራው ስለከበደው ነው ከሥሩ አዲስ ከተማ የበቀለው። ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት ስንል ዘፈን እየዘፈንን አይደለም። ከ2016 ወዲህ የኤሌክትሪኩ አዲሱ መስመር አለ፤ መልካም ነው፣ ይሥራ። የቀድሞው አቴሊዬ ግን ከነማሽኖቹ እዚያው ነው፤ ማሽኖቹን የሚያውቋቸው እጆች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። ሥራው የሚሠራበት ቃል እንኳ ከፈረንሳይኛ ተጠልፎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ የሚነገር የራሱ ቋንቋ ነበር። አዲስ አበባ ሁሉ ለገሃር ይላል፤ ቃሉ የፈረንሳይኛው ላ ጋር፣ ጣቢያው ማለት መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የአቴሊዬውን ቃላት ማን ይዟቸዋል? ፊት ረድፍ ላይ ናቸው።

ባለፈው ዓመት አንዳንዶቻችሁ ገንዘብ አዋጥተን ከዚህ አገር አንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ገዝተን እንላክ ብላችሁ ነበር። ፍቅራችሁን አከብራለሁ፤ ሐሳቡን ግን አልደግፍም። የዚህ አገር ዋናው ሀዲድ ከኛው ከድሮው ሀዲድ ይሰፋል፤ አይገጥምም። ቢገጥምስ ማን ይለኩሰዋል? አቴሊዬው ምን ይሁን የሚለውንም የሚወስኑት እዚያ ያሉት የድሬ ሰዎች ናቸው። እኛ የምንችለው፣ በውሳኔያቸው ቀን የሚያስፈልጋቸው ዕውቀት እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት መዋጮ አንጨምርም፤ ቅዳሜያችሁን ነው የምንፈልገው። በወር አንድ ቅዳሜ። ሄዳችሁ ከአንድ አባት ጋር ተቀመጡ፣ ስልካችሁ ይቅዳ። አደራ፣ ታሪክ ንገሩኝ አትበሏቸው፤ ታሪክ ሲባሉ የተማሩትን ይነግሯችኋል። ዕቃ አስይዟቸው። ቁልፍ፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ ፋኖስ። እጃቸው ሲንቀሳቀስ ቪዲዮ አንሡ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ይሁን ኦሮምኛ እንደወጣ ጻፉት፤ አታርሙት።

ወጣቶች ደግሞ በየከተማችሁ አጠገብ የቅርስ ባቡር አለ፤ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ለወጣት ይቸገራሉ፣ በደስታ ይቀበሏችኋል። ቱታውን እኛ እንገዛለን። እኔ ወዳለሁበት የምትመጡ ካላችሁ በመኪናዬ ሦስት ሰው እወስዳለሁ፤ ብቻ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል በር ላይ ቁሙ። ሴቶች ልጆቻችንን በተለይ እላለሁ፤ አያቶቻችሁ ወደዚያ በር አልተጋበዙም ነበር።

መዝገቡ መግቢያው በር አጠገብ ተቀምጧል። የሚጻፈው ስምና ቀን ነው። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቻለሁ። የዚህች ጣሳ መቀመጫ ላይ በሞረድ የተጫሩ ሦስት አጫጭር መስመሮች አሉ። እንግሊዛዊው ሽማግሌ አገላብጦ አያቸውና አላውቃቸውም አለኝ። ዛሬ እዚህ ያሉ አንድ አባት በልጅነታቸው ከአያቴ ጋር መሥራታቸውን ትናንት በስልክ ነግረውኛል። በሚመጣው ወር ሁለተኛው ቅዳሜ ጣሳዋን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።

የዘንድሮው ጉባኤያችን ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንቺ ነው።