ያ ቢጫ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ። አራት ኪሎ ገና አልተኛም፣ የመኪና ድምፅ ከገባ ይቅርታ። ለመስቀል አገር ቤት እንደሄድኩ ታውቃላችሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ክትፎው ላወራችሁ ነበር። ግን አንድ ነገር አላስተኛኝ ብሏል።

ከእትዬ ጋር ጓሮ ተቀምጠናል። ቡና እየተፈላ ነው። ስልኬን አውጥቼ ትልቁን ሥዕሌን አሳየኋቸው። ያንን ቢጫ የእንሰት ቅጠል፣ "ቢጫዋ" ያላችሁኝን። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። መልሰው ራቅ አደረጉት። እኔ ደስ ሲላቸው ለማየት ፊት ፊታቸውን አያለሁ።

"ይሄ እንሰት ታሟል" አሉኝ።

"ሥዕል እኮ ነው እትዬ።"

"ሥዕል መሆኑን አይቻለሁ ልጄ። ታሟል ነው የምልሽ። የማን ጓሮ ነው?"

የአያቴ ነው አልኳቸው። ስልኩን ቀስ ብለው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። "አዎ። እዚያ ነው የጀመረው።"

አጠውልግ ይሉታል። ከመጣሁ ወዲህ ስለሱ ሳነብ ነው የማመሸው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ተክሉ ይሞታል። መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ መቅበር ነው። የቆረጡበት ቢላዋ በእሳት ካልተለበለበ በሽታውን ወደ ጤነኛው ይዞት ይሄዳል። አንድ እንሰት ለመድረስ 4፣ 5፣ አንዳንዴም 7 ዓመት ይፈጃል። ወደ 20 ሚሊዮን ሰው የሚመገበው ተክል ነው። እኔ ደግሞ ያንን ቢጫ የጠዋት ፀሐይ ነው ብዬ... ለስንቱ ሰው "የልጅነቴ ብርሃን" ብዬ አስረድቻለሁ።

ጓሮው አሁን ባሕር ዛፍ ነው። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ጀፎሮው ግን አለ! ያ በቤቶቹ መሃል የተዘረጋው ሰፊ ሣር። ልጆች ኳስ ሲያባርሩበት ነበር፣ ጫማዬን አውልቄ ዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። እግሬ ሥር ያለው እርጥበት... እሱን መሣል አለብኝ። ወይስ... አሁን ምን እያየሁ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ፒያሳም በ2016 ሲፈርስ እንዲሁ ነበር። ግድግዳውን ለዓመታት ፎቶ ሳነሳ፣ ውስጥ ማን እንደሚኖር አላውቅም ነበር።

ሥዕሉን ላውርደው? አላውቅም። ውሸት አይደለም እኮ። ቅጠሉ እንደዚያ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ። በ2009 ሥዕሉን የሣልኩበትን ፎቶ ሳነሳ አያቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ቢላዋ ይዛለች። ወደ ቅጠሉ እያሳየች በጉራጊኛ የሆነ ነገር አለችኝ። ረዘም ያለ ነገር። አልገባኝም። ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። እሷም ዝም አለች።

ድምፅዋ ትዝ ይለኛል፣ ቃሉ ነው የጠፋኝ። ነገ ለእትዬ ደውዬ እንደሰማሁት ብደግምላቸው ምናልባት... የመጀመሪያው ቃል በ"ዝ" ነበር የሚጀምረው። ወይስ... ቆይ...